አንድ ቁልቁለት፣ ሁለት ከተሞች፦ የደሴና የኮምቦልቻ የአደጋ ታሪክ

ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ታቅፋ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳውን ይዛለች። የሚያገናኛቸው መንገዱ ብቻ አይደለም። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በዶሮ መዝለያ ጠባብ ሸለቆ ሾልኮ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ እዚያ እነለዮሌንና ወርቃን ይዞ በጨፋ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። ደሴ ላይ የዘነበ ዝናብ፣ ደሴ ላይ የተጣለ ቆሻሻ፣ ከጦሳ ወገብ የታጠበ አፈር ሁሉ ወራጁ ወደ ኮምቦልቻ ነው።

ይህ አካባቢ ባለፉት 140 ዓመታት ያላየው የመከራ ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። ረሃብ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ናዳ፣ ጎርፍ፣ አንበጣ፣ ጦርነት ተፈራርቀውበታል። ከየአደጋው በኋላ አንድ ነገር ተሠርቷል፤ ጥናት ተጠንቷል፣ መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል፣ እርከን ተሠርቷል፣ ግንብ ቆሟል። ታሪኩን ከጥግ እስከ ጥግ ሲያዩት ግን አንድ ስንጥቅ ደጋግሞ ይታያል። ዕውቀት ነበረ፣ ርኅራኄም ሞልቶ ነበር፤ የጠፋው በደህናው ዓመት “ይህ ሥራ የእኔ ነው” ብሎ የሚጠየቅ ባለቤት ነው። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው ያንን ስንጥቅ ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ከተማዋ የተቆረቆረችበት መሬት

ደሴ የወሎ መናገሻ የሆነችው በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ በራስ፣ ኋላ ንጉሥ፣ ሚካኤል ዘመን ነው። ለመናገሻነት የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተራሮቹ ምሽግ ናቸው፤ ከሥራቸው ምንጭ ይፈልቃል፤ አየሩም ከቆላ ወባ የራቀ ነው። ለዘመኑ ጥሩ ምርጫ ነበር።

መሬቱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ደሴ ያለችው በአፋር ዝቅታ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ በስንጥቆች መካከል በሰመጠ ጉድጓዳማ ሸለቆ ላይ ነው። ከታች ያለው ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ዐለት በብዙ ቦታ በስብሶ ወደ ሸክላ አፈር ተለውጧል። በላዩ ላይ ከተራሮቹ እየተናደ የወረደ ድንጋይና አፈር ተከምሯል። የክረምቱ ዝናብ በዚህ ልቅ ክምር ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል፤ ሸክላው ላይ ሲደርስ ግን መውረጃ ያጣል። እዚያ የተጠራቀመው ውኃ ክምሩን ከሥሩ ያነሣዋል፤ ሸክላውም ይሟልጣል። ያን ጊዜ ተዳፋቱ ቤቱንም ዛፉንም መንገዱንም ይዞ መንሸራተት ይጀምራል።

የከርሰ ምድር ውኃ ተመራማሪው ተናለም አየነው ከጁሊዮ ባርቢየሪ ጋር በ1997 ዓ.ም ባሳተሙት ጥናት የደሴን አካባቢ ናዳዎች መዝግበው፣ ለናዳ የሚጋለጡትን ቦታዎች በካርታ ለይተዋል። ከዚያ ወዲህም ሌሎች የሥነ ምድር ባለሙያዎች የደሴን ሸለቆ ደጋግመው አጥንተዋል። ስለዚህ የደሴ ናዳ ድንገት ከሰማይ የወረደ ቁጣ ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም። የሚመጣበት ወቅት ይታወቃል፦ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ እስከ መስከረም። የሚመጣበት ቦታም ይታወቃል። ከመምጣቱ በፊትም ይናገራል።

አነጋገሩን በተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ትናንት በደንብ ይዘጋ የነበረ በር መቃኑ ውስጥ እየያዘ እምቢ ይላል። ግድግዳ ላይ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ይታያል፤ ልሰው ሲደፍኑት በሳምንቱ እንደገና ይከፈታል። የመብራት እንጨት ይዘማል፣ ሽቦው በአንድ ወገን ይወጠራል። ጥርት ያለ ምንጭ ይደፈርሳል፤ ወይም ምንጭ ባልነበረበት ግቢ ውኃ ይፈልቃል። ከቤቱ በላይ ባለው ሣር ላይ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ስንጥቅ ይሠራል። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ በአንድ ክረምት ከታዩ መሬቱ ጉዞ ጀምሯል ማለት ነው።

ይህን የሚገታ ሥራም አለ። ዋናው ውኃውን አስቀድሞ ከተዳፋቱ ማውጣት ነው። ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ በመሐል ጠጠር የተሞላ የከርሰ ምድር ማንጣፈፊያ፣ ከግርጌ ጋቢዮን። ጋቢዮን በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ ስለሆነ ውኃውን ያሳልፋል፤ አፈሩን ግን ይይዛል። በሲሚንቶ የተገነባ የድጋፍ ግንብ ሲሆን ማስተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆን አለባቸው፤ ከተደፈኑ ከጀርባው የሚጠራቀመው ውኃ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል። የቦይም ነገር እንደዚሁ ነው። ሲሠራ ሪባን ይቆረጥለታል፤ በሦስተኛው ዓመት በፕላስቲክና በደለል ሲሞላ የማን ሥራ እንደሆነ አይታወቅም። የተደፈነ ቦይ ደግሞ ከነጭራሹ ካልተሠራ ቦይ የከፋ ነው፤ በየሜዳው ይበታተን የነበረውን ውኃ ሰብስቦ በአንድ ቦታ፣ አንዳንዴም በደካማው ተዳፋት አናት ላይ ያፈስሰዋል።

መሬቱ ሲንቀጠቀጥ

በ1835 ዓ.ም ኅዳር መጨረሻ አንኮበር በመሬት መንቀጥቀጥና እሱ ባስከተለው ናዳ ፈረሰች። በ1953 ዓ.ም ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ያለው የካራ ቆሬ አካባቢ ተናወጠ። ዋናው ንዝረት በሬክተር መለኪያ 6.5 አካባቢ ነበር፤ በተከታዮቹ ወራት ከ3,000 በላይ ንዝረቶች ተመዝግበዋል። የመጀቴ ከተማ ፈራረሰች፤ በካራ ቆሬ ብዙ ቤት ወደቀ፤ የአዲስ አበባ–አሥመራ መንገድ ተሰነጣጠቀ። የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስቦ በመጽሐፍ ያወጣው ፒየር ጉዌን፣ የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች፣ ይህን ሁሉ በዝርዝር መዝግቦ አቆይቶልናል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም ደግሞ ተራው የአፋሯ የሰርዶ ነበር፤ መንደሯ ወድማ ሰው ሞተባት። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና በአዋሽ ዙሪያ የቀጠለው ንዝረት፣ የካቲት 7 ቀን 6.0 የደረሰው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው አፈናቀለ። ከአንኮበር እስከ ሰርዶ፣ ከፈንታሌ እስከ ካራ ቆሬ ያለው ሁሉ የአንድ ስምጥ ሸለቆ ታሪክ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በዚያው ጠርዝ ላይ ናቸው።

ከመጀቴ የሚቀሰመው ትምህርት ስለ ግድግዳ ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት ሲናጥ ይንገዋለላል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ማገሩ ግን ብዙውን ጊዜ ይይዘዋል። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ቤት ከባድ ነው፤ ድንጋዩን ከድንጋዩ ጋር የሚያስተሳስር ነገር ስለሌለው ሲናወጥ ይበተናል። የዛሬዎቹ ደሴና ኮምቦልቻ ግን በአብዛኛው ወደ ብሎኬትና ወደ ኮንክሪት ፎቅ ተሻግረዋል። እዚህ ላይ ደግሞ የሰው ሕይወት የሚያርፈው ዓይን በማያየው ብረት ላይ ነው።

ኮለን ሲሠራ ቋሚውን ፌሮ የሚጠፍረው ቀጭን ብረት ስታፋ ይባላል። ስታፋው ኮለንና ቢም በሚገናኙበት ጫፍ መጠጋጋት አለበት፤ ጫፉም ወደ ኮንክሪቱ ሆድ ታጥፎ መግባት አለበት። ስታፋው ከተራራቀ፣ ወይም ጫፉ በዘጠና ዲግሪ ብቻ ተቆልምሞ ከቀረ፣ ሕንፃው በደህናው ቀን ምንም አይሆንም። ሲናጥ ግን ስታፋው ይፈታል፣ ፌሮው ይጎብጣል፣ ኮለኑ ይፈረካከሳል። ካሳፎርማው ተነሥቶ ከተለሰነ በኋላ ይህን ማንም ሊያየው አይችልም። ኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የሕንፃ ኮድ ካወጣች አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ወጥቷል። ኮዱ ሰው የሚያድነው ግን ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት በዚያች ጠዋት ነው፤ ስታፋውን ቆጥሮ “ይህ አይሞላም፣ ፍቱት” የሚል ሰው ቦታው ላይ ሲገኝ። ያ ሰው ስምና ኃላፊነት ያለው መሆን አለበት።

የማስጠንቀቂያ ባለቤት

ወሎ በዓለም ጆሮ የገባችው በረሃብ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀው ክፉ ቀን ከብቱን በደስታ በሽታ፣ እህሉን በድርቅና በአንበጣ ጨርሶ ሕዝቡን ፈጀው። በሬ የሌለው ገበሬ ዝናብ ቢመጣም ማረስ አልቻለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም ረሃቡ እንደገና ሲመጣ መረጃው አልጠፋም ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን ፎቶ አንሥተው ለሕዝብ አሳይተዋል። መንግሥት ግን ጉዳዩን ማድበስበስ መረጠ። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ጉዳዩ የሚደበቅ አልሆነም፤ ሥርዓቱም በዚያው ወደቀ። በ1966 ዓ.ም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን፣ ሕዝቡ “ማስተባበሪያ” የሚለው፣ ተቋቋመ።

ማስተባበሪያ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም ኮሚሽኑ ለጋሾችን ሰብስቦ ሚሊዮኖች ሊራቡ እንደሆነ በግልጽ ተናገረ። ለጋሾቹ ተጠራጠሩ፤ መንግሥትም ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽርጉድ ላይ ነበር። ጥቅምት 1977 የኮረም ረሃብተኞች ምስል ዓለምን ሲያስለቅስ፣ በኮረምና በባቲ መጠለያዎች በየቀኑ ሬሳ ይወጣ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ ሰምቶ የሚንቀሳቀስ፣ ባይንቀሳቀስም የሚጠየቅ አልነበረም።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ ተጋላጭነት በጻፉት መጽሐፍ ያስረዱት ዋና ነገር ዛሬም ለናዳውም ለጎርፉም ይሠራል፦ ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ረሃብ አይሆንም፤ ድርቅን ረሃብ የሚያደርገው ገበሬው አስቀድሞ መራቆቱ ነው። ደሳለኝ ራህመቶ ደግሞ በአምባሰል ባደረጉት ጥናት ገበሬው እርዳታ ከመምጣቱ ከብዙ ወራት በፊት ራሱን ለማዳን ምን ምን እንደሚያደርግ አሳይተዋል። ምግቡን ይቀንሳል፣ ከብቱን በደረጃ ይሸጣል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ያንን የሚያይ ዓይን የረሃቡን መምጣት ከየትኛውም ሪፖርት ቀድሞ ያነባል።

ከዚያ ዘመን የተረፈ ትልቅ ሀብት የመጠባበቂያ እህል ክምችት ነው። ኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ፣ ከዚያም ወደ ወደብ የሚያስኬደው መንገድ መገንጠያ በመሆኗ መጋዘኖቹ ካሉባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። ክምችቱ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም ኅዳር በሰሜኑ ጦርነት መሐል በኮምቦልቻ የነበረው የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ተዘረፈ፤ በሁለቱ ከተሞችም እደላው ተቋረጠ። ኮምቦልቻ በጎተራነቷ የምታኮራውን ያህል፣ ሁሉንም በአንድ ጎተራ ማስቀመጥ የሚያስከፍለውንም አይተናል።

እርከኑና ተራራው

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በወሎ ተራሮች ላይ ሕዝብ በነቂስ ወጥቶ እርከን ሠርቷል። ምግብ ለሥራ በሚባለው መርሐ ግብር የስንዴና የዘይት ክፍያ እየተቀበለ ድንጋይ ደረደረ፣ ችግኝ ተከለ፣ ተራራ ከለለ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙም በማይርቀው ማይባር፣ ከስዊዘርላንድ በርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። እንደ ማይባር ባሉት ጣቢያዎች ዝናቡ፣ ወራጁ ውኃና የሚታጠበው አፈር ለብዙ ዓመታት ተለክቷል። ልኬቶቹ ካሳዩት ነገር አንዱ የዓመቱ አፈር አብዛኛው በጥቂት ከባድ ዝናቦች መታጠቡ ነው። እርሻው በተለሰለሰበትና ቡቃያው ገና መሬቱን ባልሸፈነበት ወር የሚወርድ አንድ ዶፍ የዓመቱን ጥፋት ሊያደርስ ይችላል። የማይባር ውኃም መጨረሻው ቦርከና ነው።

በ1983 ዓ.ም ሥርዓት ሲለወጥ በብዙ የወሎ ተራሮች ላይ የተከለለው ደን ተመነጠረ፣ እርከኑም ተናደ። ሕዝቡ የዛፍ ጠላት ስለሆነ አልነበረም። የራስወርቅ አድማሴ “ሃያ ዓመት ወደ የትም” ሊባል በሚችል ርእስ ባወጡት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ የተከለለው ኮረብታ የማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ገበሬው በጉልበቱ የሠራውን ተራራ የመንግሥት አድርጎ ያየው ነበር፤ መንግሥት ሲወድቅ ተራራውም ጌታ አጣ። በ1997 ዓ.ም የጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር እርከኑን እንደገና አነሣው፤ የተከለሉ ተራሮችም በብዙ ቦታ አገግመዋል። የ1983ቱ ጥያቄ ግን ዛሬም መልስ ይፈልጋል፦ ክፍያው የቆመ ዕለት እርከኑን የሚጠግነው ማን ነው?

ቅሬ

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል ወይም ለፋፊ ይዞራል፤ ሰፈሩ ይወጣል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀብራል፣ በአንድ ድንኳን ይቀመጣል። ቅሬው ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አካፋና ዶማ አለው። ከሁሉ በላይ መዝገብ አለው። በመዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ ቤት አባወራና እማወራ ስም ተጽፏል፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን መቀጮ እንዳለበት ይታወቃል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፤ ደጋግሞ የቀረ ይገለላል። የቅሬ ዳኛ ቃል በሰፈሩ ከብዙ ደብዳቤ ይበልጣል።

በ2013 ዓ.ም ክረምት ከሰሜን ወሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በጦርነቱ ተፈናቅሎ ወደ ደሴ ሲጎርፍ ትምህርት ቤቶቹ ሞሉ፤ የተረፈው በየቤቱ ተጠጋ። እንጀራ ጋግሮ ያቀረበው፣ ልብስ አውጥቶ ያለበሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎረቤቱ ነበር። ከዚህ የበለጠ የማኅበረሰብ ጥንካሬ ማስረጃ የት ይገኛል?

ርኅራኄ ብቻውን ግን እንደሚገድል የጎፋው ናዳ አሳዝኖ አስተምሮናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም አጋማሽ በገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ መጀመሪያ የወረደው ናዳ ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ግር ብሎ ወጣ። በቁፋሮ ላይ እያለ ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ለማዳን የወጡ ነበሩ። በደሴ ተዳፋት ላይ ቢሆን የቅሬው ሰው በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ልብ ይወጣ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅሬ አንድ ነገር አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፦ ናዳ ከወረደ በኋላ ከላይ የቀረውን ተዳፋት የሚያይ ዘበኛ ሳይቆም፣ መሸሻው አቅጣጫ ሳይነገር ማንም አካፋ አያነሣም። ይህን ማስተማር ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ የቅሬ ስብሰባ ይበቃዋል።

ባለቤት መስጠት

ይህን ችግር ቀድማ የተጋፈጠች ከተማ አለች። ሆንግ ኮንግ እንደ ደሴ በገደላገደል ላይ የተከመረች ናት። በሰኔ 1964 ዓ.ም በአንድ ቀን በወረዱ ናዳዎች ከ130 በላይ ሰው ሞተባት፤ ከአራት ዓመት በኋላም ከእነዚያ ናዳዎች አንዱ በወረደበት ሰፈር እንደገና ሰው አለቀ። በቀጣዩ ዓመት ተዳፋትን ብቻ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ከዚያም ሰው የቆረጠውን ወይም የደለደለውን ተዳፋት ሁሉ መዝግባ ቁጥር ሰጠችው፤ የእያንዳንዱም ጥገና የማን ኃላፊነት እንደሆነ ለይታ አሳወቀች። ሆንግ ኮንግ ሀብታም ናት፤ ለግንቡ ያወጣችውን ገንዘብ ደሴ ልታወጣ አትችልም። መዝገቡን ግን ትችላለች። የመዝገብ ባህል ደግሞ ከቅሬ በላይ ያለው የለም።

ሊደረግ የሚችለው ይህ ነው። በደሴ ያለው እያንዳንዱ የጎርፍ ቦይ፣ የድጋፍ ግንብና ጋቢዮን ቁጥር ይሰጠው፤ በቁጥሩ ሥር ጥገናው የማን እንደሆነ ይጻፍ። የከተማው ከሆነ ክፍሉ፣ የመንገድ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ፣ የግቢ ከሆነ ባለቤቱ፣ የሰፈር ከሆነ ቅሬው። ቅሬው በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቦዩን ይጥረግ፤ የሚጠረገውን የሚያነሣ መኪና ካልመጣ ከተማው ይጠየቅ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉ መምህራንና ተማሪዎች የቅሬ ወጣቶች የስንጥቆችን ስፋት በሚስማርና በሜትር በየሳምንቱ እንዲለኩ ያሠልጥኑ። ግንበኛውና ፎርማኑ ስለ ስታፋ በአማርኛ፣ በሥዕል፣ በሥራው ቦታ ይማሩ። በካርታ ላይ በቀይ የተለየ ተዳፋት ላይ ቦታ የሚሰጥ ሹም ፊርማውን ያስቀምጥ።

ሁለቱ ከተሞች ደግሞ ስለ ቦርከና በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የወንዝ ዳር ሠፈሮቹ ሁሉ የሚያርፉት ከላይ በሚደረገው ላይ ነው። በጦሳ ወገብ የሚጠገን እርከን የኮምቦልቻን ድልድይ ይጠብቃል። ኮምቦልቻ ለላይኛው ተፋሰስ ገንዘብ ብትመድብ ለራሷ ማውጣቷ ነው። የሐረጎን መንገድ የሚዘጋ አንድ ናዳም ደሴን ከወደብና ከጎተራ ይለያታል፤ ስለዚህ መንገዱም የሁለቱ የጋራ ጉዳይ ነው።

ወሎ የሞተውን ለመቅበር፣ የተራበውን ለማጉረስ፣ እንግዳውን ለማሳደር ሥርዓት ሠርቶ ለዘመናት ኖሯል። ለዚያ ሥርዓት አንድ ሥራ እንጨምርለት፦ በደህናው ቀን መውጣት። ለቀብር የሚወጣው ጎረቤት ለቦይ ጠረጋም ይውጣ፤ የቀረም ስሙ በዚያው መዝገብ ይያዝ። ሹሙም፣ መሐንዲሱም፣ ባለ ፎቁም በየድርሻቸው በዚያው መዝገብ ይግቡ፤ የማይገባ ማንም አይኑር።